የጃፓን ወታደራዊ ጎራዴን ከዘመናዊ ቅጂው እንዴት መለየት ይቻላል?

በ1945 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እጅ የሰጠው የጃፓን ጦር ጎራዴዎቹን አስረከበ፤ ከእነዚህም እጅግ ብዙዎቹን የአሜሪካ ወታደሮች ለማስታወሻ ብለው ወደ አገራቸው ወሰዷቸው። ስለዚህ ዛሬም አሜሪካ ውስጥ የአንድ አዛውንት የቤት ዕቃ ለሽያጭ ሲወጣ እውነተኛ የጦር ጎራዴ ብቅ ማለቱ ብርቅ አይደለም። በአሲድ እንዲዝግ የተደረገ የቅርብ ጊዜ ቅጂም በዚያው መጠን ይገኛል።

ከምርመራው በፊት አንድ ነገር ይለዩ፦ እውነተኛ ማለት በእጅ የተቀጠቀጠ ማለት አይደለም። አንዳንድ መኮንኖች የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን ጥንታዊ ስለት በወታደራዊ እጀታና ሰገባ አልብሰው ዘምተዋል። አብዛኞቹ ግን በጦርነቱ ዘመን በብዛት የተመረተውን ነበር የያዙት። ሁለቱም የታሪክ ምስክር ናቸው። «ይህማ የማሽን ሥራ ነው» ተብሎ እውነተኛው የጦር ጎራዴ ከቅጂ ጋር ሲጣል ማየት ያሳዝናል።

በመጀመሪያ ዓይነቱን ይወቁ። በ1935 ለበታች ሹማምንት የወጣው ጎራዴ እጀታው መጀመሪያ ከመዳብ፣ በኋላ ከአሉሚኒየም ቀልጦ የተሠራ ነው፤ በጦርነቱ ማብቂያ ደግሞ ከእንጨት ይሠራ ነበር። የጨርቅ ጥቅልል የሚመስለው ነገር በቅርጽና በቀለም የተሠራ ነው። ስለቱ ላይ ተከታታይ ቁጥር ይመታበታል፤ ቁጥሩም ከሰገባው ጋር ይገጥማል። በ1934 እና በ1938 የወጡት የመኮንን ጎራዴዎች ግን እጀታቸው በእውነተኛ ገመድ ይጠቀለላል፤ ስለታቸው ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። የገመድ እጀታ ያለው ጎራዴ ስለቱ ላይ ትልቅ ቁጥር ተቀርጾበት ካዩ ብዙውን ጊዜ ቅጂ ነው። የድራጎን ሥዕል ወይም ረጅም ጽሑፍ ስለቱ ላይ ካለም እንዲሁ ይጠርጥሩ።

ቀጥሎ ጌጣጌጡን ይመልከቱ። በመኮንኑ ጎራዴ ላይ ያሉት የቼሪ አበባዎች ጠርዛቸው የጠራ፣ ቅጠላቸው የሚለይ ነው፤ በቅጂው ላይ ግን ደብዝዘው እንደ ቀለጠ ሰም ይታያሉ። በገመዱ ሥር የሚታየው ነጭ፣ ሻካራ ነገር ብዙውን ጊዜ የሬይ ዓሣ ቆዳ ነው። ፍሬዎቹ አንድ ዓይነት መጠን ኖሯቸው በመስመር ከተደረደሩ ፕላስቲክ ነው። በእጅ መከለያው ግራና ቀኝ የሚገቡት ስስ ሮንዴላዎች ላይ የተመታውን የመገጣጠሚያ ቁጥርም ይፈልጉ፤ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢገኝ ጥሩ ምልክት ነው።

ስለቱን ሲመዙ ስለታማው ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ ብረቱን በጣትዎ አይንኩ። በመብራት ሥር አዘንብለው ሲያዩት በስለታማው ጠርዝ ላይ ጃፓኖች ሃሞን የሚሉት ሞገድ የመሰለ መስመር ይታያል። ብረቱ ሲሞቅና በድንገት ሲቀዘቅዝ የተፈጠረው ሃሞን ውስጡ ጭጋግ የመሰለ ጥልቀት አለው። በአሲድ የተቀባው ወይም በሽቦ ብሩሽ የተፋቀው ደግሞ ከየትኛውም አቅጣጫ ቢያዩት ጠፍጣፋ ነጭ ነው።

ዋናው ፍርድ ግን እጀታው ውስጥ ነው። የመኮንኑ ጎራዴ ሊፈታ ይችላል፦ የቀርከሃውን ሚስማር ከቀጭኑ ጫፍ በኩል ገፍተው ያውጡ፣ ጎራዴውን ቀጥ አድርገው በግራ እጅ ይያዙ፣ በቀኝ ጡጫ የግራ እጅዎን አንጓ ቀስ ብለው ይምቱ። ስለቱ ሲላላ በጥንቃቄ ይነቀላል። (የበታች ሹሙ ጎራዴ በብሎን ስለሚታሰር አይታገሉት።) ናካጎ የሚባለው የብረቱ ጭራ እዚያ ይወጣል። የሰማንያ ዓመት ዝገት ቡናማ፣ ስስና እኩል ነው፤ የሞረድ መስመሮቹም ሥርዓት አላቸው። ብርቱካናማ ዝገት፣ የመፍጫ ማሽን ጭረት ወይም የተበየደ ብሎን ካዩ ነገሩ አልቋል። ጭራው ላይ የሰሪው ስምና ዘመን በመሮ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል፤ የሾዋ (የንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ) ዘመን ከሆነ 1925 ይደምሩበት። ሾዋ 18 ማለት 1943 ነው። ትንሽ የኮከብ ማኅተም ካለ ጦሩ ያጸደቀው ባለሙያ በባህላዊ መንገድ የሠራው ነው። የሾዋ ወይም የሴኪ (በጎራዴ ሥራ የታወቀች የጃፓን ከተማ) ማኅተም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በባህላዊ መንገድ ያልተሠራ፣ ነገር ግን እውነተኛ የጦርነት ዘመን ጎራዴ መሆኑን ያሳያል።

እባክዎን ጭራውን በብርጭቆ ወረቀትም ሆነ በዝገት ማስለቀቂያ አይንኩ። ዕድሜውን የሚናገረው ያ ዝገት ነው፤ ከተፋቀ ዋጋውም ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል። ፎቶግራፍ አንስተው ልምድ ያለው ሰብሳቢ ያሳዩ፤ ስለቱንም ቢላዋ ለሚስል ለማንኛውም ሰው አይስጡ።

ወደ ጃፓን ይዘው ለመሄድ ካሰቡ ሕጉን አስቀድመው ይወቁ። እዚያ የሚመዘገበው በባህላዊ መንገድ የተሠራ፣ የጥበብ ዋጋ ያለው ጎራዴ ብቻ ነው፤ በማሽን የተመረተው የጦር ጎራዴ ፈቃድ አያገኝም፣ በባለሥልጣናቱ እጅ ከገባም ይወገዳል።