ቤት ከሞላው የፎኖግራፍ ስብስብ የሚቆየውን ስለ መምረጥ

ጥንታዊ የድምፅ ማጫወቻዎችን የሚሰበስብ ሰው ውሎ አድሮ ቦታ ያጥረዋል። ባለ ጡሩንባው ከቁም ሳጥኑ ላይ፣ ባለ ክዳኑ ከበሩ ጀርባ፣ በሻንጣ መልክ የተሠራው ደግሞ ከአልጋው ሥር ገብቶ አንዱን ለማንሣት ሦስቱን ማንቀሳቀስ ሲያስፈልግ፣ የሚቆየውንና የሚሰናበተውን መለየት ግድ ይሆናል። አብዛኛው ሰብሳቢ በዚህ ጊዜ የትኛው ያምራል፣ የትኛው ዕድሜው ይበልጣል፣ የትኛውስ ጥሩ ዋጋ ያወጣል እያለ ምርጫውን ከማሽኖቹ ይጀምራል። እኔ ግን ምርጫው መጀመር ያለበት በመደርደሪያው ላይ ካሉት ሸክላዎች ነው ብዬ አምናለሁ። ማጫወቻ የራሱ ድምፅ የለውም፤ የሚያሰማው የተቀዳውን ነው። በእጅዎ ያለውን ቅጂ ሳይጎዳ አጥርቶ የሚያሰማ ማሽን ከሁሉ በፊት ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚህ አስቀድመው ያለዎትን ቅጂ ሁሉ አውጥተው በየዓይነቱ ይለዩት። ቶማስ ኤዲሰን በ1877 የሠራው የመጀመሪያው ፎኖግራፍ ድምፅን የሚቀዳው በሲሊንደር ላይ በተጠቀለለ ስስ የብረት ቅጠል ላይ ነበር፤ ቆይቶ በእርሱ ፈንታ ሰም ገባ። ኤሚል በርሊነር በ1887 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ግራሞፎን ደግሞ የሚሠራው በጠፍጣፋ ሸክላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቅርጽ ብቻ አይደለም። በኤዲሰን ሲሊንደር ላይ መርፌው ድምፁን የሚያነበው ወደ ላይና ወደ ታች እየተንቀሳቀሰ ሲሆን፣ በተለመደው ሸክላ ላይ ግን የሚወዛወዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው፤ በመሆኑም አንዱ ማሽን የሌላውን ሥራ ሊሸፍን አይችልም። በአገራችን ታሪክ ሁለቱም ስፍራ አላቸው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን የላኩት በሰም ሲሊንደር ነበር፤ መልእክቱ ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ በንግሥቲቱ ፈቃድ እንዲጠፋ ሲደረግ፣ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በምላሹ የላኩት ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከዚያ 10 ዓመት ያህል ቆይተው ጀርመን ውስጥ ያስቀዷቸው ዘፈኖች ደግሞ የወጡት በሸክላ ነው።

ሲሊንደሮች ካሉዎት ጉዳዩ ጠለቅ ያለ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እስከ 1908 ድረስ የተለመደው የሰም ሲሊንደር በአንድ ኢንች ስፋት ውስጥ 100 የድምፅ መስመሮችን የሚይዝና 2 ደቂቃ ያህል የሚሰማ ነበር። በዚያ ዓመት ኤዲሰን «አምበሮል» ብሎ ያወጣው መስመሮቹን ወደ 200 በማሳደጉ 4 ደቂቃ ያህል ይሰማል፤ በ1912 የተከተለው «ብሉ አምበሮል» ደግሞ ከሰም ሳይሆን ሴሉሎይድ ከሚባል የቀድሞ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ሰማያዊ ቀለም ያለውና በቀላሉ የማይሰበር ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት የሚስማማ ድምፅ ማውጫ፣ ማለትም መርፌውን ይዞ ንዝረቱን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ክፍል፣ አለ። «ሲ» የተባለው ለ2 ደቂቃው፣ «ኤች» የተባለው ለ4 ደቂቃው ሲያገለግል፣ «ኬ» የተባለው ሁለት መርፌ ስላለው እየተገለበጠ ለሁለቱም ይሆናል። የእነዚህ ሁሉ ጫፍ ሰንፔር ነው። ለብሉ አምበሮል የተዘጋጀው የአልማዝ ጫፍ ያለው ድምፅ ማውጫ ግን በሰም ላይ ፈጽሞ ማረፍ የለበትም፤ መስመሩን ፍቆ ያጠፋዋል፤ የጠፋውም ድምፅ አይመለስም። እንግዲህ ከበርካታ የኤዲሰን ማሽኖች አንዱን ብቻ ማስቀረት የሚችል ሰው፣ በ2 እና በ4 ደቂቃ መካከል ማርሹ የሚቀየርለትን «ስታንዳርድ» ወይም «ሆም» ቢመርጥ ሁሉንም ዓይነት ማጫወት ይችላል። «አምበሮላ 30» ጡሩንባው በሣጥኑ ውስጥ ስለ ተደበቀ ለቤት የሚመች ቢሆንም፣ የተሠራው ለ4 ደቂቃው ብሉ አምበሮል ነው። አንድም ሲሊንደር የሌለው ሰብሳቢ በበኩሉ የሲሊንደር ማጫወቻው የቱንም ያህል ቢያምር ከሚሰናበቱት መጀመሪያ ሊያደርገው ይገባል፤ የሚያጫውተው ነገር ያለው ሰው ይጠቀምበታልና።

በጠፍጣፋ ሸክላ በኩል ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ ከ1912 እስከ 1929 የተሠራው የኤዲሰን «ዳይመንድ ዲስክ» ነው፤ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የሚነበበውም እንደ ሲሊንደሩ ወደ ላይና ወደ ታች ስለ ሆነ፣ የብረት መርፌ ባለው ተራ ግራሞፎን ላይ ቢጫወት ይበላሻል። እንዲህ ያለ ሸክላ በብዛት ከሌለዎት ለእርሱ ብቻ የተሠራውን ግዙፍ ማሽን ማስቀመጥ ቦታ ማባከን ነው። ሁለተኛው የ1925 ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ዘፋኙ በጡሩንባ ፊት ቆሞ ይዘፍን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በማይክሮፎንና በኤሌክትሪክ መቅዳት ተጀመረ፤ ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ በሸክላው ላይ ሰፋ ብሎ ሰፈረ። ማይካ ከሚባል ስስ ማዕድን የተሠራ ንጣፍ ያለው የቀድሞው ድምፅ ማውጫ ይህን ስፋት አሟልቶ ማውጣት አይችልም፤ ቪክተር የተባለው ኩባንያ በ1925 ያወጣው «ኦርቶፎኒክ» እና ሂዝ ማስተርስ ቮይስ የተባለው ኩባንያ በ1931 ያወጣው ተንቀሳቃሽ «102» ግን የታሰቡት ለዚሁ አዲስ ቅጂ ነው። አሮጌውም አዲሱም ሸክላ ያለው ሰው ከእያንዳንዱ ዘመን አንድ አንድ ቢያስቀር፣ ከአንድ ዘመን አምስት ከማስቀመጥ ይልቅ ብዙ ይሰማል። ከ1950ዎቹ ወዲህ የወጣውን የፕላስቲክ ሸክላ ግን ከእነዚህ በአንዱም ላይ ማጫወት አይገባም፤ ከባዱ መርፌ በአንድ ጊዜ ያርሰዋል።

ሸክላው የማሽኖቹን ዝርዝር ካጠበበልዎ በኋላ የቀሩትን አንድ በአንድ ይፈትሹ። በዚህ ሥራ ዋናው ነገር የሚድነውን ጉዳት ከማይድነው መለየት ነው። ማኑቬላውን ሳያስገድዱ ያጥብቁትና 10 ኢንች የሆነ ሸክላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያጫውቱ። በሸክላው ጠርዝ ሥር ትንሽ ወረቀት ብቅ አድርገው በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቁጠሩ፤ 78 ሊደርስ ይገባዋል። ሲሊንደር ከሆነ 160 ነው። ወደ መጨረሻው ፍጥነቱ የሚወድቅ ከሆነ ሞላው ደክሟል ወይም ግራሶው ደርቋል፤ በመሐል ከውስጥ «ዱብ» የሚል ድምፅ ሲሰማም ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የደረቀ ግራሶ ነው። ይህ ሁሉ የሚታከም ነው። ሞላው የተጠራቀመ ኃይል ስላለው ግን እስከ መጨረሻው ሳይላላ ሞተሩን መፍታት እጅን ያስቆርጣል። በድምፅ ማውጫው ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት ደርቆ ድንጋይ መምሰሉና ድምፁን ማንኮሻኮሹም ማሽኑን አያስጥልም፤ ጎማው በርካሽ ይቀየራል፤ የተሰነጠቀ ማይካም እንዲሁ።

የማይድነው የዚንክ ቅይጥ በሽታ ነው። በተለይ በ1920ዎቹ አንዳንድ ክፍሎች ከዚህ ርካሽ ቅይጥ ይቀረጹ ነበር፤ ቅይጡ ንጹሕ ካልነበረ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ እያበጠ፣ እየተሰነጠቀ፣ በመጨረሻም በእጅ ሲነካ እየተፈረፈረ ይሄዳል። የኦርቶፎኒክ ድምፅ ማውጫ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በዚህ ነው። ድምፅ ማውጫውን የሚሸከመው ክንድ የሚገጣጠምበትንና የድምፅ ማውጫውን ጀርባ በጥሩ ብርሃን ይመልከቱ፤ እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ ሥስ መስመር ካዩ ወይም መዞር የሚገባው ክፍል አብጦ ከተጣበቀ፣ በኃይል አይፍቱት። ሁለት ተመሳሳይ ማሽኖች ካሉዎት ከዚህ በሽታ ነፃ የሆነው፣ ሣጥኑ ቢያረጅም እንኳ፣ መቆየት ያለበት እርሱ ነው።

ስለ ሣጥኑ ካነሣን፣ የተቦረሸና በአዲስ ቫርኒሽ የሚያብረቀርቅ እንጨት ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን የፋብሪካው ቀለምና የኩባንያው ምልክት አንዴ ከተፋቁ አይተኩም። በእርጥብ ጨርቅ እንኳ ያልተነካ የደበዘዘ ሣጥን፣ ከተላጠው የበለጠ ምስክርነት ይሰጣል። ጡሩንባው፣ ማኑቬላውና ድምፅ ማውጫው ከዚያው ማሽን ጋር የመጡ መሆናቸውንም ያረጋግጡ፤ ከየቦታው የተለቃቀመ ማሽን ቢሠራም በሙሉው ፊት ሊቀደም አይገባውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሕንድ አገር በቅርብ ዓመታት ከተሠሩት አስመሳዮች ይጠንቀቁ። ትልቅና ብሩህ የነሐስ ጡሩንባ፣ በናስ ጌጥ የተሸፈነ አዲስ የእንጨት ሣጥን፣ በውስጡ ግን ከተንቀሳቃሽ ግራሞፎን የተወሰደ ትንሽ ሞተር፣ ፊት ለፊቱም ጡሩንባ የሚያዳምጠው ውሻ ትኩስ ሥዕል አለባቸው። በቅርሳ ቅርስ መሸጫዎች በብዛት ይታያሉ። ክንዳቸው በትክክል ስለማይገጥም ሸክላ ይፈጃሉ። ባለቤቱ ያዝናል ብዬ ይህን ከመናገር አልቆጠብም፤ እንዲህ ያለው ማሽን ከስብስቡ በመጀመሪያው ቀን መውጣት አለበት፤ ለሌላ ሲተላለፍም እውነተኛ ጥንታዊ ነው ተብሎ መሆን የለበትም።

በሁሉም ተመዛዝነው እኩል የሆኑ ሁለት ማሽኖች ቢቀሩ ታሪኩ የሚታወቀው ይቆይ፤ ማን እንደ ገዛው፣ በየትኛው ቤት እንደ ተሰማ፣ ማን እንዳወረሰ የሚናገር ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ያለው። የቁመት ሣጥን ያላቸው የ1910ዎቹና የ1920ዎቹ የቪክተር «ቪክትሮላ» ማሽኖች እጅግ በብዛት የተሠሩ በመሆናቸው ሁለተኛውን ማስቀመጥ በአብዛኛው አያስፈልግም።

የሚሰናበቱትን ለመበታተን አይቸኩሉ፤ መለዋወጫ ለመሸጥ ሲባል ሙሉ ማሽን ማፍረስ ለዘመናት የቆየን ነገር በአንድ ከሰዓት መጨረስ ነው። ሞላውን አላልተው፣ ድምፅ ማውጫውን ከክንዱ አውጥተው ለብቻው በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጡሩንባውን ነቅለው፣ የየትኛው ማሽን መሆኑን በወረቀት ጽፈው ያስሩበት። በዚያው ወረቀት ላይ የትኛውን ዓይነት ሸክላ ወይም ሲሊንደር እንደሚያጫውትና የትኛው መርፌ እንደሚስማማው ይጨምሩ፤ ለብረት መርፌው ደግሞ በእያንዳንዱ የሸክላ ገጽ አዲስ መርፌ እንደሚያስፈልግ ያመልክቱ። ከተቻለም ለዚያ ማሽን ብቻ የሚሆኑትን ሸክላዎች አብረው ይስጡ።