ጎጃምን በሰባት ቀን፦ ከጮቄ ተራራ እስከ ጣና ዳርቻ

ጎጃምን በአንድ ሳምንት ሊጎበኝ ያሰበ ሰው አስቀድሞ መወሰን ያለበት የት የት እንደሚደርስ ብቻ ሳይሆን የትኛውን አስቀድሞ የትኛውን እንደሚያስከትል ጭምር ነው። ብዙ ተጓዥ በቀጥታ ባሕር ዳር ይገባና ደጋውን ለመመለሻ ያቆየዋል፤ በመመለሻው ግን ጉልበቱም ስንቁም ስለሚያልቅ ጮቄን ከሩቅ አይቶ ያልፋል። እኔ የምመክረው በተቃራኒው ውሃውን ተከትሎ ከላይ ወደ ታች መውረድን ነው።

ለዚህ ጉዞ የሚስማማው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ጠፈፍ ይላል፣ መስኩ ገና አልደረቀም፣ ወንዙም ሙሉ ነው። በእነዚሁ ወራት በቆላውና በጣና ዙሪያ ወባ ስለሚበረታ አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት መያዝ ያስፈልጋል። ፈረስ የሚወድ ሰው ደግሞ ጥር 23 ቀን የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል አስቦ ጉዞውን ወደ ጥር ቢያዞር አይቆጨውም፤ ያን ጊዜ ግን የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሳሳ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ። ወቅቱ የትኛውም ቢሆን፣ ከመነሳት በፊትም ሆነ በየማደሪያው ስለሚቀጥለው መንገድ ሰላም መጠየቅ ግድ ነው። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ቀኑን ማሳለፍ እንጂ መድፈር አይገባም።

በመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነስቶ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን የዓባይ በረሃ በጧቱ ማቋረጥ ይበጃል። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻግሮ፣ መልሶ ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል፤ ስለዚህ የራሱን መኪና የሚነዳ ሰው ፍሬኑን አስፈትሾ ይነሳ፣ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ይውረድ። ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ቀን ከተረፈው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ቤተ መንግሥትና የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ያያል።

ሁለተኛው ቀን የጮቄ ነው። ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ በኩል የሚወጣው መንገድ ከጤፍ ማሳ ወደ ገብስና ድንች፣ ከዚያም አስታና ጅብራ ወደሚባሉት የውርጭ አገር ዕፅዋት ያደርሳል። የተራራው አናት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ከቆላ አገር የመጣ ሰው ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ሊሰማው ይችላል፤ ቀስ ብሎ መራመድና ውሃ ደጋግሞ መጠጣት ይረዳል፣ ሕመሙ ከጠና ግን መድኃኒቱ ወደ ታች መመለስ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ጉም ሲወርድ መንገድ ስለሚያስት፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ከረቡዕ ገበያ ይዞ መውጣትና ሳይመሽ መውረድ ያሻል። ጋቢ ቢከብድም አይተው።

በሦስተኛው ቀን በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ወደ እንጅባራ መሄድ ነው። ከእንጅባራ ሳይደርሱ ከዋናው መንገድ አጠገብ የሚገኘው ዘንገና እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ ዙሪያውን በደን የታጠረ ክብ ሐይቅ ነው። ዳርቻው ወዲያው ወደ ጥልቀት ስለሚገባ በእግር መዞር እንጂ መዋኘት አይመከርም።

አራተኛውን ቀን ለግሽ ዓባይ መስጠት ያስፈልጋል። ከጥሊሊ ተገንጥሎ ወደ ሰከላ የሚያስገባው መንገድ አስቸጋሪ በመሆኑ ጉብኝቱን ከሌላ ጉዳይ ጋር መደረብ አያዋጣም። ምንጩ ጠበል ነው፤ ወደ እርሱ የሚቀርብ ሰው እህል ሳይቀምስና ጫማውን አውልቆ ነውና ቁርስን ማቆየት ይገባል። ፎቶግራፍ ከማንሳት በፊት ካህናቱን ማስፈቀድ ተገቢ ነው። በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ ወተት ዓባይ ላይ የሚሻገሩት ወንዝ ግልገል ዓባይ፣ ያው ከዚህ ምንጭ ተነስቶ ጣና የሚገባው ውሃ ነው።

ባሕር ዳር በአምስተኛው ቀን ከደረሱ በኋላ ማታውን በሐይቁ ዳር ማረፍ፣ ወይም ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ ዓባይን ከላይ መመልከት ይበቃል፤ ጀልባውን ግን በዚያው ምሽት መነጋገር ይሻላል። ሲዋዋሉ ዋጋው የደርሶ መልስ መሆኑን፣ ስንት ገዳም እንደሚያካትትና ለእያንዳንዱ ሰው የነፍስ አድን ጃኬት መኖሩን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጣና ጧት እንደ መስታወት ረግቶ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚያናውጠው፣ በስድስተኛው ቀን ከጧቱ 1 ሰዓት ተነስቶ እስከ ቀትር መመለስ ልማድ ሊሆን ይገባል። ሁሉንም ደሴት ለማዳረስ መሮጥ ድካም ብቻ ነው፤ የዘጌ ልሳነ ምድር ብቻውን ጧቱን ይሞላል። በዘጌ በቆየው የገዳሙ ሥርዓት መሬት በበሬ ስለማይታረስ ደኑ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ቡናውም በዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ለወንዶችም ለሴቶችም ክፍት ሲሆኑ፣ ወደ ክብራን ገብርኤል የሚገቡት ወንዶች ብቻ በመሆናቸው ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት። ነጠላና ከጉልበት በታች የሚወርድ ልብስ መያዝ ያስፈልጋል። የግድግዳውን ሥዕል በብልጭታ ማንሳት ቀለሙን ይጎዳል።

ውሃው የቱንም ያህል ቢጋብዝ በጣና ዳርቻ መዋኘትም ሆነ በባዶ እግር መግባት የብልሃርዚያ ስጋት አለበት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ ስለሚኖር ጀልባው እንዳይጠጋ ለነጂው መንገር ይገባል።

ሰባተኛው ቀን ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚርቀው ለጢስ ዓባይ ይቀራል። ፏፏቴው ወደ 45 ሜትር ከፍታ አለው፤ ነገር ግን ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫ ሲጠለፍ ስለሚሳሳ፣ በዋዜማው የውሃውን ሁኔታ ከአገሬው ጠይቆ መነሳት ከትካዜ ያድናል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኩል የሚያስሄደው የእግር መንገድ ያዳልጣልና ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል። ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ሰው በአዴት፣ በሞጣና በቢቸና በኩል ደጀን የሚያደርሰው መንገድ ከመጣበት ያጥራል፤ የጎጃምንም ምሥራቅ ያሳየዋል።