የሰርቨርን ጥምር የኔትወርክ መስመር ገመድ ነቅሎ መፈተን

ሰርቨሩ ኮምቦልቻ፣ እርስዎ ግን ደሴ ከሆኑ፣ ፈተናውን ከርቀት አይጀምሩ፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ከቦታው ሳይደርሱ መመለስ ላይቻል ይችላል። በሊኑክስ ቦንዲንግ (ብዙ የኔትወርክ ገመዶችን እንደ አንድ መስመር የሚያጣምር ስልት) የኤምአይአይሞን (ሰርቨሩ የገመዱን ግንኙነት በየስንት ጊዜው እንደሚፈትሽ የሚወስን ቅንብር) ዋጋ 100 ሚሊሰከንድ መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ዋጋው 0 ከሆነና ሌላ መከታተያ ካልተዋቀረ፣ ሰርቨሩ የገመዱን መቋረጥ አያውቅም። ከዚያም ከሌላ ኮምፒውተር ፒንግ (መልስ የሚጠብቅ አጭር የመፈተኛ መልእክት) ሳያቋርጡ እየላኩ፣ በሥራ ላይ ያለውን ገመድ በእጅዎ ይንቀሉ፤ መስመሩን በትእዛዝ ብቻ ማጥፋት እውነተኛውን የገመድ ብልሽት ስለማይተካ በእኔ እምነት በቂ አይደለም። ጥቂት ፒንጎች ቢጠፉም መልሱ ሊቀጥል ይገባል። ገመዱን መልሰው ከሰኩ በኋላ፣ የቦንዲንግ ሁኔታ ፋይሉ ሁለቱም መስመሮች በሥራ ላይ መሆናቸውን ሳያሳይ ሁለተኛውን ፈጽሞ አይንቀሉ። ፍጥነት ሲለኩ ደግሞ፣ በኤልኤሲፒ (ሰርቨሩና ስዊቹ ገመዶችን ለማጣመር የሚግባቡበት ደንብ) አንድ ግንኙነት ከአንድ ገመድ አቅም አያልፍምና፣ በአይፐርፍ (የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) ብዙ ግንኙነቶችን ባንድ ጊዜ ይክፈቱ።