የተጣበቀ የመሃል ኩሽኔታና የተሰበረ ብሎን ከብስክሌት ፍሬም እንዴት ይወጣል?

ጉልበት ከመጨመራችሁ በፊት ወዴት እንደሚፈታ አረጋግጡ። ተጣብቋል የሚባለው ብዙ ጊዜ በስህተት ይበልጥ እየጠበቀ ያለ ነው። የቀኝ ፔዳል እንደ ተራ ብሎን ይፈታል፤ የግራው ግን ግራ ጥምዝ (ከተራ ብሎን በተቃራኒ የሚዞር ጥርስ) ስለሆነ ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ ይላቀቃል። የመሃል ኩሽኔታ (የፔዳሎቹ ክንዶች የሚዞሩበት፣ ፍሬሙ ግርጌ ያለው ክፍል) ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ በብዙ ፍሬሞች ግራ ጥምዝ ያለው በሰንሰለቱ በኩል ነው። የኩሽኔታውን ቤት (ኩሽኔታው የሚገባበትን የፍሬሙን አጭር ቱቦ) ወርድ በካሊብሮ፣ ማለትም በሚሊ ሜትር መለኪያ፣ ለኩ። 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝ ልክ ነው፣ ማለትም በሰንሰለቱ በኩል ግራ ጥምዝ ያለው፤ 70 ከሆነ የጣሊያን ነው፣ ሁለቱም ጎን ቀኝ ጥምዝ ነው።

ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ከውጭ ብቻ መርጨት አይበቃም፤ የኩሽኔታው ከንፈር መንገዱን ይዘጋዋል። ወንበሩን ከነዘንጉ አውጡና ዘይቱን በቱቦው ውስጥ አንጠባጥቡ። ፍሬሙን በጎኑ አስተኝታችሁ 24 ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ ገልብጡትና ያንኑ ያህል ጠብቁ።

አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው መፍቻው ሲያመልጥ ነው። ኩሽኔታው ውስጥ የሚገባው ባለ 20 ጥርሱ መፍቻ የሚይዘው ጥልቀት ትንሽ ነው፤ አንዴ ከሸረሸረው መያዣ አይኖርም። ስለዚህ የፔዳሉን ክንድ የሚይዘውን ብሎን ከሰፊ ራንዴላ ጋር በመፍቻው ውስጥ አሳልፋችሁ ፔርኖው (የኩሽኔታው መሃል ዘንግ) ላይ በእጅ አጥብቁት። ኩሽኔታው ሩብ ዙር እንደተላቀቀ ብሎኑን አላሉት፣ አለዚያ መልሶ ይገታዋል።

ረጅም ቁልፍ ካላንቀሳቀሰው መፍቻውን ሞርሳ (ጠረጴዛ ላይ የተተከለ ማሰሪያ) ላይ እሰሩና ፍሬሙን ራሱን እንደ ዘንግ ተጠቀሙበት፤ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ለእንግሊዝ ልክ፣ የሰንሰለቱ ጎን ወደ ታች ሆኖ ከላይ ስታዩት ፍሬሙን ሰዓት በሚዞርበት አቅጣጫ አዙሩት፤ ለግራው ጎን ተቃራኒውን።

አሁንም እምቢ ካለ ሙቀት ይረዳል። አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚሰፋው ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ በአሉሚኒየም ፍሬም ውስጥ የተያዘ የብረት ክፍል ይላላል። ዘይቱን አስቀድማችሁ ጥረጉት፣ ይቀጣጠላል። በእሳት ሳይሆን በሙቅ አየር መንፊያ ቤቱን ከውጭ አሙቁ። የካርቦን ፍሬም ላይ ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሙጫው ይጎዳል።

የውሃ መያዣው ብሎን አንገቱ ላይ ከተሰበረ፣ መሃሉን በሹል ብረት ነጥቡና በ2.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ በዝግታ፣ ዘይት እየጨመራችሁ ብሱት። የግራ ፑንታ (ወደ መፍቻው አቅጣጫ እየዞረ የሚበሳ) ካገኛችሁ እሱን ምረጡ፤ እየበሳ ሳለ ብሎኑን ራሱ ነቅሎ የሚያወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥምዛም ማውጫ (በተበሳው ቀዳዳ ገብቶ የተሰበረ ብሎን የሚያወጣ መሣሪያ) በቀጭን ብሎን ላይ አንመክርም። ውስጥ ከተሰበረ በተራ ፑንታ የማይበሳ ጠንካራ ብረት ትታችሁበት ትቀራላችሁ። ይልቅ ቀዳዳውን በ4.2 አስፉትና የ5 ሚሊ ሜትር፣ 0.8 ጥምዝ ማስኪዮ (ጥርስ የሚያወጣ መሣሪያ) አሳልፉበት።

አዲሱን ስትገጥሙ ጥምዙን በብሩሽ አጽድታችሁ ግራሶ ቀቡ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዙሮችም ያለ ቁልፍ፣ በእጅ ብቻ አስገቡ።