ለፊት የሚሆን ሳንስክሪን፦ አመራረጡና ከማለስለሻ ቅባት ጋር አቀባቡ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ደኅና ሳንስክሪን፣ ማለትም ቆዳን ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ቅባት፣ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ቱቦውን ከገዛ በኋላ እንደ ሽቶ እየቆጠበ፣ ሽምብራ የምታክል ብቻ ጨምቆ ግንባሩንና ጉንጩን ነካ ነካ አድርጎ ይወጣል። 50 ሚሊ ሊትር የያዘች አንዲት ቱቦ ስምንትና ዘጠኝ ወር ስትቆይለትም በአጠቃቀሙ ይደሰታል። ነገር ግን በዚህ መጠን የተቀባ ሳንስክሪን በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ጥበቃ አይሰጥም፤ ስለዚህ የወጣው ገንዘብ ሥራውን ሳይሠራ ይቀራል። ከዚህ በታች ብዙ ነገር እዘረዝራለሁ፤ ከሁሉም በላይ እንዲያዝልኝ የምፈልገው ግን አንድ ነገር ነው፦ መካከለኛ ዋጋ ያለውን ሳንስክሪን በየጠዋቱ በበቂ መጠን መቀባት፣ ውዱን እየቆጠቡ ከመቀባት እጅግ ይሻላል።

በየጠዋቱ የምልበት ምክንያት አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ደግሞ ወደ ምድር የሚደርሰው የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቆዳን የሚጎዳው ይህ ጨረር እንጂ ሙቀቱ ስላልሆነ፣ የደጋው ቀዝቃዛ ነፋስ ያዘናጋናል፤ ፊታችን ላይ ትኩሳት ካልተሰማን ፀሐይ ያልነካን ይመስለናል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነችም፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ አካባቢ፣ በቀትር በቀጥታ አናታችን ላይ ትሆናለች። የሚያዝያውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የነሐሴው ግን ከዝናቡና ከደመናው ጀርባ ስለሚያልፍ አይታወቅም፤ ስስ ደመና ደግሞ አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ጨረሩ መበርታቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ውጭ ቆመው ጥላዎን ይመልከቱ። ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ፀሐይቱ በርትታለች ማለት ነው፤ ይህም በአብዛኛው ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ነው።

ከቤት የማይወጣ ሰው ወይም ቀኑን መኪና ውስጥ የሚያሳልፍ ሰው ይህ አይመለከተኝም ሊል ይችላል። ወደ ቆዳችን የሚደርሰው ጨረር በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዩቪ-ቢ የሚባለው ሲሆን ቆዳን የሚያቀላውና የሚያቃጥለው እሱ ነው፤ የመስኮት መስታወት በአብዛኛው ያግደዋል። ሁለተኛው ዩቪ-ኤ የሚባለው ወደ ቆዳ ጠልቆ የሚገባ፣ የሚያጠቁርና መጨማደድን የሚያፋጥን ሲሆን ተራ መስታወት ብዙውን ክፍል ያሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜድሲን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ፎቶግራፍ ይህን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል፦ ለ28 ዓመታት የጭነት መኪና ያሽከረከሩ የ69 ዓመት ሰው ናቸው፤ በመስኮቱ በኩል የነበረው የግራ ፊታቸው ተጨማዶና ተንጠልጥሎ የቀኙን ዓመታት ጥሎት ሄዷል። እኛም አገር መሪው በግራ በኩል ስለሆነ፣ ለረጅም ዘመን ያሽከረከረ ሰው መስታወት ፊት ቆሞ ሁለቱን ጉንጮቹን ቢያስተያይ ልዩነት ሊያገኝ ይችላል። ፊትዎ በመስኮት ትይዩ ሆኖ ቢሮ የሚቀመጡ ከሆነም ሳንስክሪን ይመለከትዎታል።

ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ሳንስክሪን አያስፈልገውም የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ስላለበት ብዙ ሰው ያምነዋል። ቆዳችን ውስጥ ያለው ሜላኒን የተባለው ቀለም በእርግጥ ይከላከላል፤ በቤተ ሙከራ ሲለካ በጣም ጥቁር የሆነ ቆዳ የሚሰጠው ጥበቃ 13 ኤስፒኤፍ (ሳንስክሪን ከሚያቃጥለው ጨረር የሚከላከልበት መለኪያ) ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በፀሐይ ምክንያት የሚመጣ የቆዳ ካንሰርም በኛ ዘንድ ከነጮቹ በጣም ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ ቀለሙ የበዛ ቆዳ ሲቆጣ ቀለም ያመርታል፤ ማድያት የሚያወጣብን፣ የብጉር ጠባሳም ለወራት ጠቁሮ እንዲቆይ የሚያደርገው ይኸው ጠባዩ ነው። ማድያት በእርግዝና ወይም የወሊድ መከላከያ በመውሰድ ሊጀምር ይችላል፤ ጉንጭ፣ ግንባርና የላይኛው ከንፈር ላይ ሰፍሮ የሚቆየውና የሚባባሰው ግን በብርሃን ነው። ሐኪም የሚያዝዘው የማድያት መድኃኒት ያለ ሳንስክሪን ሲወሰድ ውጤቱ አይጸናም፤ ሌሊት የጠራው ቀን ይመለሳል።

አሁን ወደ ግዢው ልግባ። በማሸጊያው ላይ ጎልቶ የሚታየው የኤስፒኤፍ ቁጥር የሚናገረው ስለ ዩቪ-ቢ ብቻ ነው። በትክክል ሲቀባ 15 ወደ 93 በመቶ፣ 30 ወደ 97 በመቶ፣ 50 ደግሞ ወደ 98 በመቶ የሚሆነውን የሚያቃጥል ጨረር ያስቀራል። ከ30 ወደ 50 ያለው ርቀት ቁጥሩ እንደሚያስመስለው ሰፊ ስላልሆነ፣ ኪስዎ ለ30 የሚበቃ ከሆነ 30ውን ገዝተው በበቂ መጠን ይቀቡት። ማድያት ያለበት ሰው ግን 50 ቢመርጥ እመክራለሁ፤ ሁላችንም ከሚገባው አሳንሰን ስለምንቀባ ትርፉ ጉድለታችንን በመጠኑ ይሸፍናል። ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘለው የዩቪ-ኤ ምልክት ነው። ከአውሮፓ በሚመጡት ላይ ዩቪ-ኤ የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት በትንሽ ክብ ውስጥ ታትመው ይገኛሉ፤ ይህም የዩቪ-ኤ ጥበቃው ከኤስፒኤፉ ቢያንስ አንድ ሦስተኛ መሆኑን ያመለክታል። ከኮሪያና ከጃፓን በሚመጡት ላይ ፒኤ የሚል ጽሑፍ ተከትለውት የመደመር ምልክቶች ይደረደራሉ፤ ሦስት ወይም አራት የመደመር ምልክት ያለውን ይፈልጉ። በአሜሪካኖቹ ላይ ደግሞ ብሮድ ስፔክትረም የሚል ቃል ይጻፋል። ከእነዚህ አንዱም የሌለበትን ሳንስክሪን፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል ቢገዝፍ፣ መልሰው መደርደሪያው ላይ ቢያስቀምጡት ይሻላል።

ለኛ መልክ ትልቁ ችግር ነጭ ሆኖ መቅረቱ ነው። ዚንክ ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የተባሉት ማዕድናት ያሉባቸው ሳንስክሪኖች በቶሎ ለሚቆጣ ቆዳ የሚመቹ ቢሆኑም፣ ጠይም ፊት ላይ አመድ የነሰነሱበት ያስመስላሉ። ከማዕድናት ይልቅ ጨረር በሚያስቀሩ ሌሎች ኬሚካሎች የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ጠርተው ይጠፋሉ፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ዓይን ያቃጥላሉ። ሦስተኛውና ማድያት ላለበት ሰው እኔ የማስቀድመው፣ ቡናማ ቀለም ያለው ሳንስክሪን ነው። ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ፣ በዓይናችን የምናየውን ብርሃን ጭምር ይከላከላል፤ ይህ ብርሃን ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ማድያትን እንደሚያባብስ የታወቀ ሲሆን፣ ቀለም የሌለው ሳንስክሪን በደንብ አያግደውም። በንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር መጨረሻ አካባቢ 77491፣ 77492 ወይም 77499 የሚሉ ቁጥሮችን ካገኙ አይረን ኦክሳይድ አለበት ማለት ነው። ከመግዛትዎ በፊት መሞከሪያ ካለ በእጅዎ ጀርባ ሳይሆን በመንጋጋዎ ጠርዝ ላይ ይቀቡ፤ ከዚያ ከሱቁ መብራት ወጥተው፣ አሥር ደቂቃ ቆይተው በቀን ብርሃን ይመልከቱት። የሱቅ መብራት ብዙ ሰው አሳስቷል።

ማለስለሻውን በተመለከተ ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም። ፊትዎ ወዛም ከሆነ ጄል የሚመስለውን ቀላል ቅባት ይምረጡ፤ ሳንስክሪኑ ራሱ ካለሰለሰልዎት ደግሞ ጠዋት ማለስለሻውን ቢተዉት ምንም አይጎድልብዎትም። ፊትዎ ደረቅ ከሆነ፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅና ብርዳማ ወቅት፣ ግሊሰሪን ወይም ሴራማይድ ያለበት ወፈር ያለ ክሬም ይስማማዎታል። ቫዝሊን እርጥበት እንዳይወጣ በመክደን የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ አይከላከልም፣ ከሥር ከተቀባም ሳንስክሪኑ ተንሸራቶ እኩል እንዳይቀመጥ ያደርጋል፤ ስለዚህ ለማታ ያቆዩት። ኤስፒኤፍ ያለበት ማለስለሻ ገዝቶ ሁለቱን በአንድ መጨረስስ ይቻላል ወይ ለሚለው መልሱ ይቻላል ነው፤ ሆኖም እንደ ማለስለሻ በስሱ ሳይሆን እንደ ሳንስክሪን በብዛት መቀባት አለበት።

ጠዋት ፊትዎን ከታጠቡ በኋላ በፎጣ ሳያሹ ጠቅ ጠቅ ያድርጉት፤ እርጥበቱ ጨርሶ ሳይጠፋ ማለስለሻውን በስሱ ይቀቡና አምስት ደቂቃ ያህል ይታገሡ። ቁርስ የሚቀርብበት ወይም ልጆች ለትምህርት ቤት የሚለብሱበት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ አመልካች ጣትዎንና የመሃል ጣትዎን አጠጋግተው ይዘርጉና፣ ከጣቶቹ ሥር ጀምሮ እስከ ጫፋቸው ድረስ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ወፍራም የሳንስክሪን መስመር ያውጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት ከልክ ያለፈ ይመስላል፤ ለፊት ተገቢው መጠን ግን ይህ ነው። አምራቾች ኤስፒኤፍ የሚለኩት በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ቀብተው ስለሆነ፣ ለአንድ ፊት 1 ግራም ከሩብ ገደማ ይደርሳል። መጠኑን በግማሽ ሲቀንሱ ጥበቃው ቢያንስ በግማሽ ይወርዳል። በአንድ ጊዜ አልዋጥ ካለ የአንዱን ጣት ቀብተው፣ ጥቂት ቆይተው የሁለተኛውን ይደርቡ። ጆሮን፣ የፀጉር መነሻን፣ የዓይን ዙሪያንና የላይኛውን ከንፈር አይርሱ፤ ለአንገት ሌላ አንድ መስመር ይጨምሩ። በዚህ ስሌት 50 ሚሊ ሊትር የሚበቃው ለአንድ ወር ግድም ነው። ያንተ ቱቦ ስንት ወር ቆየ ብዬ የምጠይቀው ሰው ሁሉ መልሱን ሲሰጠኝ፣ ሳንስክሪኑ ለምን እንዳልሠራለት አብሮ ይነግረኛል።

ሳንስክሪኑን ከማለስለሻ ጋር መዳፍ ላይ አደባልቆ መቀባት ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሳንስክሪን የሚሠራው ቆዳ ላይ እኩል የሆነ ስስ ሽፋን ሲዘረጋ ስለሆነ፣ ሲቀላቀል ይቀጥናል፣ ሽፋኑም ይበጣጠሳል። ቀብተው ሲያበቁ ፊትዎ ላይ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተንከባለለ የሚነሣ ነገር ካዩ፣ ማለስለሻው በዝቷል፣ ወይም አልደረቀም፣ ወይም ሁለቱ አይስማሙም። መጀመሪያ ማለስለሻውን ይቀንሱ፣ የሚጠብቁበትን ጊዜም ያርዝሙ፤ ካልተስተካከለ አንዱን ይለውጡ። ሜካፕ የሚጠቀሙ ከሆነ ከሳንስክሪኑ በኋላ፣ ከቤት መውጣት ደግሞ ከተቀቡ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይሁን።

ውጭ የሚውል ሰው፣ ትራፊክ ፖሊስም ይሁን ገበያ የሚቀመጥ ነጋዴ ወይም የግንባታ ሠራተኛ፣ በየሁለት ሰዓቱ መድገም ይኖርበታል፤ በላብ ከታጠበ ወይም ፊቱን ከታጠበ ደግሞ ወዲያውኑ። ቢሮ የሚውል ሰው ለምሳ ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ቢደግም በቂ ይመስለኛል። ይህን ያህል ሳንስክሪን ለመግዛት አቅም እንደማይፈቅድ አውቃለሁ። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣና ጃንጥላ አንዴ ተገዝተው ለዓመታት ያገለግላሉ፤ እናቶቻችን ነጠላቸውን ግንባራቸው ድረስ ስበው ፀሐይ የሚከልሉበት ልማድም በሥራ ላይ ያለ መከላከያ ነው። ሳንስክሪኑን ለፊት፣ ልብስና ጥላን ለሌላው አካል ማድረግ ወጪውን ያቀልላል።

ሲገዙ ቱቦው የት እንደተቀመጠ ልብ ይበሉ። ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ለማሳያ የተደረደረ ሳንስክሪን በሙቀቱ ሊበላሽ ስለሚችል ከውስጥ እንዲያወጡልዎ ይጠይቁ፤ መኪና ውስጥም አይተዉት። ከማብቂያው ቀን ሌላ፣ ከጀርባው ክዳኑ የተከፈተ የማሰሮ ሥዕልና 6 ወይም 12 የሚል ቁጥር ይኖራል፤ ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት የወር ብዛት ነው። ውኃው ከዘይቱ ከተለየ ወይም ጠረኑ ከተለወጠ ቀኑ ባያልፍም ይጣል።

ፊት ለማቅላት የሚሸጡ፣ ምን እንዳለባቸው የማይታወቅ ክሬሞችን ከሳንስክሪን ጋር ደርቦ መጠቀም የሚያስከትለውን ጉዳት ሳንስክሪን አይመልሰውም። ብዙዎቹ ውስጥ የሚገኘው ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ቆዳውን ስለሚያሳሳው፣ ፀሐይ በቀላሉ ይጎዳዋል። እንዲህ ያለ ክሬም ለወራት የተጠቀመ ሰው በድንገት ከመተው ይልቅ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንዴት እንደሚያቆመው ቢጠይቅ ይሻለዋል። ሜላኒን በአካላቸው እጅግ ያነሰ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ሳንስክሪን ለመልክ የሚያስቡት ነገር አይደለም፤ ከቆዳ ካንሰር የሚጠብቃቸው ስለሆነ፣ 50 ኤስፒኤፍና ከዚያ በላይ ያለውን ከረጅም እጅጌ፣ ከባርኔጣና ከፀሐይ መነጽር ጋር በየቀኑ ያስፈልጋቸዋል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ግን ሳንስክሪን አይቀባም፤ እሱን የሚጠብቀው ጥላና ስስ ልብስ ነው።