«አንተ ልጅ፣ ፎቶው አልደረሰኝም!»

ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ ነበር። ተመልሼ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለች አንዲት ካፌ ገባሁ፣ ማኪያቶ አዘዝኩ፣ ከ340 ፎቶ 28ቱን መርጬ ጀርመን ላሉት አክስቴ፣ ድሬዳዋ ላለው ወንድሜና ለጓደኞቼ በኢሜይል ላክሁ። ላክሁ አልኩ እንጂ ሁለት ቀን ሙሉ ስልኬ አላረፈም። አንዱ «አልደረሰኝም» ይላል፣ አንዱ «አይከፈትም»፣ ሌላው «ፈቃድ ጠይቅ ይለኛል»። የሚያወሩት ስለነዚያው 28 ፎቶዎች ነው፣ ችግራቸው ግን ለየቅል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ አወጣሁ። ምንም ነገር ከመነካካቴ በፊት ደውዬ «እትዬ፣ እስቲ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡልኝ» እላለሁ። እኔ ጋ «ተልኳል» የሚለው ጽሑፍ እሳቸው ጋ ስላለው ነገር ምንም አይነግረኝም። ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ ሰዎቹ በስልክ በሚሉት ቃል ነው ያስቀመጥኩት።

ኢሜይሉ አይሄድም፣ ዝም ብሎ ይሽከረከራል

ይሄ እንኳን የላኪው ችግር ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ክብደት ነው። የዛሬ ስልክ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ቢይዝ አይግረማችሁ። ጂሜይል በአንድ ኢሜይል የሚፈቅደው ደግሞ 25 ሜጋ ነው። «እንግዲያው 5 ፎቶ፣ እያንዳንዱ 5 ሜጋ፣ ልክ ይመጣል» ብዬ ነበር እኔም። አይመጣም። ኢሜይል ድሮ የተሠራው ለጽሑፍ ነው፤ ፎቶው ከመሄዱ በፊት ወደ ፊደል ይቀየራል፣ 3 ባይት የነበረው 4 ፊደል ይሆናል፣ ጓዙ በሲሶ ይጨምራል። ስለዚህ 25ቱን 18 ብላችሁ ያዙት።

መፍትሄው ሁለት ነው። አንደኛው እንደ ክብደታቸው ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት እያደረጉ መላክ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው ፎቶውን ማሳነስ ነው። በአይፎኑ የራሱ ሜይል ፎቶ አታች አድርጋችሁ ላክ ስትሉ መጠኑን ይጠይቃችኋል፤ «ትልቅ» የሚለውን ምረጡ፣ ዋናውን መጠን ተዉት። ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ፔይንት ይበቃል፦ ፎቶውን ክፈቱ፣ ሪሳይዝ በሉ፣ ረጅሙን ጎን 2048 ፒክሰል አድርጉና በሌላ ስም ሴቭ አድርጉ። በሌላ ስም ያልኩት በምክንያት ነው፤ ዋናው ላይ ሴቭ ካደረጋችሁ ትልቁ ፎቶ ሄደ፣ አይመለስም። 12 ሜጋፒክሰል የነበረው ፎቶ እንዲህ ሲቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜጋ በታች ይወርዳል፣ በስልክና በላፕቶፕ ለሚያይ ሰው ደግሞ ልዩነቱ አይታወቅም።

ሌላው ምክንያት ኔትወርክ ነው። ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ስላያችሁ ፎቶ መጫኑም እንደዚያው የሚፈጥን አይምሰላችሁ፤ ብዙ ጊዜ ከማውረድ መጫን ይዘገያል። እኔ ያን ዕለት 80 ከመቶ ደርሼ መብራት ሄደ። የካፌው ዋይፋይ አብሮ ጠፋ። ሲመለስ ቆጠራው ከዜሮ ጀመረ፣ ማኪያቶው ቀዝቅዟል፣ አስተናጋጇ ደግሞ ሌላ ነገር አዝዝ እንደሆነ በዓይኗ እየጠየቀችኝ ነው። አሁን ማታ ቤቴ ሆኜ ነው የምልከው።

«ደርሷል ትላለህ፣ እኔ ጋ ግን የለም»

መጀመሪያ ስፓም ውስጥ፣ ማለትም የተጠረጠረ ኢሜይል የሚገባበት ሳጥን ውስጥ፣ እንዲፈልጉ ንገሯቸው። ባዶ ርዕስ፣ አንድም ቃል የሌለው ኢሜይል፣ አሥር ፎቶና አንድ ሊንክ ብቻ፤ ማሽኑ ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ርዕስ ጻፉ፣ ሁለት መስመር ሰላምታ ጨምሩ።

ስፓምም ውስጥ ከሌለ የራሳችሁን ኢንቦክስ እዩ። «ሜይለር ዴመን» ከሚባል ላኪ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት መጥቶ ይሆናል። ብዙዎቻችን ቫይረስ መስሎን እንሰርዘዋለን። የተመለሰ ፖስታ ነው እኮ! አድራሻው የለም ካለ አንድ ፊደል ተሳስታችኋል። የተቀባዩ ሳጥን ሞልቷል ካለ ደግሞ ሥራው የተቀባዩ ነው። ጎግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ለኢሜይሉ፣ ፋይል ኢንተርኔት ላይ ለሚቀመጥበት ድራይቩና ለጎግል ፎቶስ የጋራ ነው፤ ከሰኔ 2021 ወዲህ ጎግል ፎቶስ ላይ የሚጫነውም ይቆጠራል። አክስቴ ኢሜይላቸው ውስጥ ምንም የለም፣ የሞላው በልጅ ልጆቻቸው ቪዲዮ ነበር። ትልልቁን ሰርዘው «አሁንም አልመጣም» አሉኝ። ትራሽ ውስጥ ያለውም ቦታ ይይዛል፣ እሱም መጽዳት አለበት። ከዚያ እናንተ እንደገና ላኩ፤ የተመለሰው በራሱ አይሄድም።

«ፈቃድ ጠይቅ ይለኛል»

ከ25 ሜጋ ሲያልፍ ጂሜይል ፎቶውን ድራይቭ ላይ አስቀምጦ በኢሜይሉ ሊንክ ይልካል። ሊንኩ ሲደርስ በሩ ከተቆለፈ ግን ሰውየው ደጅ ይቆማል። ድራይቭ ላይ ፎቶዎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉና ፎልደሩን ያዙ፣ ሼር በሉ፣ «ሊንኩ ያለው ማንኛውም ሰው» ወደሚለው ቀይሩት፣ መብቱን ማየት ብቻ አድርጉት። ማስተካከል ከፈቀዳችሁ አንዱ ዘመድ የራሱን ፎቶ ያልወደደ ዕለት ያጠፋላችኋል፤ ቀልድ አይደለም።

ሕፃናት ያሉበት ፎቶ ከሆነ ግን ይህን አልመክርም። ሊንክ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። የሰዎቹን ኢሜይል አንድ በአንድ አስገብታችሁ ስጡ፣ ይዘገያል እንጂ ይሻላል።

«አይከፈትም»

ወንድሜ የድሮ ኮምፒውተር ነው ያለው። የፋይሉን ስም እስከ መጨረሻው አስነበብኩት፤ ኤች ኢ አይ ሲ። አይፎን ከ2017 ጀምሮ ፎቶ የሚያስቀምጥበት ዓይነት ነው፣ ቦታ ይቆጥባል፣ ሁሉም ኮምፒውተር ግን አያውቀውም። ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብታችሁ «ሞስት ኮምፓቲብል»ን ምረጡ። ይሄ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚነሳው ነው። ያለፈውን ብዙ ኮምፒውተር ወደሚያውቀው ጄፔግ ቀይራችሁ መላክ አለባችሁ፤ አዳዲሶቹ አይፎኖች ላይ ሼር ስትሉ ከላይ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ምርጫው አለ። እግረ መንገዳችሁን እዚያው «ሎኬሽን» የሚለውን አጥፉ። ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በሆዱ ይዞ ይዞራል፤ የፋሲል መዋኛ ቢታወቅ ችግር የለውም፣ የቤታችሁ ደጃፍ ግን ሌላ ነው።

«ደብዝዟል» እና «ተጋድሟል»

ደብዛዛው ብዙ ጊዜ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ያለፈ ፎቶ ነው። ጓደኛችሁ በቴሌግራም የላከላችሁን አውርዳችሁ በኢሜይል ብትልኩት፣ የምትልኩት ተጨምቆ ያነሰውን ነው። ኢሜይሉን አትውቀሱ። ያነሳው ሰው ዋናውን ከስልኩ ጋለሪ ይላክ፤ ቴሌግራም ላይ ከሆነም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ።

ለተጋደመው፦ ክፈቱ፣ አዙሩ፣ ሴቭ፣ እንደገና ላኩ።

«ለምንድነው የማላውቀው ሰው የሚጽፍልኝ?»

የሃያ ሰው አድራሻ በአንድ መስመር ደርድራችሁ ስለላካችሁ ነው። ሁሉም የሁሉንም ያያል፣ አንዱ ለሁሉም ይመልሳል፣ ከዚያ ማቆሚያ የለም። አክስቴ ለእኔ ብቻ የጻፉ መስሏቸው «ያ ጓደኛህ ግን መቼ ነው የሚያገባው?» ያሉትን ጓደኛዬም አነበበው። አድራሻዎቹን ቢሲሲ ላይ፣ ተቀባዮቹ እርስ በርስ በማይተያዩበት መስመር፣ አስገቡ። አለቀ።

«ደረሰኝ፣ ግን ማን ማን ነው?»

ይሄ ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ የመጣ ነው። አክስቴ ፎቶዎቹን ከፍተው አዩ፣ ደስ አላቸው፣ ከዚያ «ያቺ ቀይ ጥለት የለበሰችው የማን ልጅ ናት?» አሉ። የትኛዋ? ጥምቀት ነው፣ ግማሹ ሕዝብ ቀይ ጥለት ለብሷል። ስልኩ የሰጠው ስም ደግሞ ቁጥር ብቻ ነው። አሁን ከመላኬ በፊት 1፣ 2፣ 3 እያልኩ ስም እሰጣቸዋለሁ፣ ኢሜይሉ ውስጥም በቁጥሩ ልክ እጽፋለሁ፦ 7፣ ቀይ ጥለት ያላት የጎረቤታችን ልጅ፣ አጠገቧ ጥላ የያዙት አባቷ።