ቀለም የተቀባ ፈንዲሻ መሳይ ኮርኒስ እንዴት ተላጠ?

አሜሪካ ውስጥ በቆዩ ቤቶች ኮርኒስ ላይ የተረጨው ፈንዲሻ መሳይ ሻካራ ልባስ አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ቃጫ መሳይ ማዕድን) ሊኖረው ይችላል። አስቤስቶስ ያለው ርጭት እ.ኤ.አ. በ1978 ቢከለከልም የተረፈው ክምችት ከዚያ በኋላም ጥቅም ላይ ውሏል። ስለዚህ የልባሱ ናሙና አስቤስቶስ፣ ቀለሙም እርሳስ (መርዛማው ብረት) እንዳለው ተመረመረ፤ ከሁለቱም ነፃ ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ከተገኘበት በፍጹም አይነካ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጠራ።

ልባሱ የሚላጠው በውሃ ርሶ ሲለሰልስ ነው፤ ችግሩ ውሃው አለመስረጉ ነበር፤ ጠብታው ቀለሙ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። የመብራቱ ብሬከር ጠፍቶ፣ ወለሉ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ማስክ ተደርጎ ውሃው እንዲሰርግ የልባሱ እብጠቶች ጫፍ በደረቁ በስሱ ተፋቀ። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ከጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጋር ተረጭቶ 15 ደቂቃ ቆየ። 25 ሳንቲሜትር ስፓቱላ ጋደም ተደርጎ ሲገፋ ልባሱ እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ወረደ። የስፓቱላው ጥግ በሞረድ ካልተዶለዶመ ከልባሱ ስር ያለውን የጂፕሰም ሰሌዳ ይቦጫጭራል፤ ውሃ ከበዛ ደግሞ የሰሌዳው የላይ ወረቀት ይነሳል። በአንድ ጊዜ ከ1 ሜትር ካሬ በላይ አለማርጠብ ነው። የተቦጫጨረው በስቱኮ ተሞልቶ በማግስቱ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ተቀባ።